የትኛው ጣትዎ ነው የሚደነዝዘው?

«ሌሊት እጄ ደንዝዞ ይቀሰቅሰኛል፣ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ዕድሜዬ ከ50 አልፏል፣ እዚሁ አዳማ እንጀራ ጋግሬ አቀርባለሁ፣ የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ። የነርቭ ቫይታሚን ተሰጥቶኝ ምንም አልለወጠልኝም» ብለዋል። እስካሁን የመለሱልዎት ሰዎች ሁለቱን ሕመም አንድ ላይ ቋጥረው «ብርድ ነው»፣ «የደም ዝውውር ነው» አሉ። እኔ አልስማማም። የእጅዎ ጉዳይ ሌላ፣ የባትዎ ጉዳይ ሌላ ይመስለኛል። ሁለቱም ሌሊት ስለሚመጡ ብቻ ዘመድ አይሆኑም።

ሐኪም አይደለሁም፤ ፍራንኮ አካባቢ የወንዶች ጸጉር ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ ማሽን ጨብጬ፣ በእግሬ ቆሜ ስለምውል ሁለቱንም በየተራ ቀምሻቸዋለሁ።

ከእጁ ልጀምር። ዛሬ ሌሊት ሲቀሰቅስዎ መብራት ያብሩና የደነዘዙትን ጣቶች አንድ በአንድ ይንኩ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ደንዝዘው ትንሿ ጣት ደኅና ከሆነች፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው የእጅ አንጓ ላይ ነው። እዚያ በአጥንትና በጠንካራ ጅማት የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ጣት የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጨናንቀው ያልፉበታል። ውስጡ ሲያብጥ የሚጨፈለቀው ነርቩ ነው። ሐኪሞች ካርፓል ተነል ይሉታል። እኔን ያስገረመኝ የቀለበት ጣቴ ነበር፤ የሌላኛውን እጄን ጥፍር በላዩ ላይ ስስብ በአውራ ጣት በኩል ያለው ጎኑ በድን፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ደግሞ ደኅና ነበር። ድንበሩ በመስመር የተሰመረ ያህል ይታወቀኝ ነበር። የምትደነዝዘው ትንሿ ጣት ከሆነች ግን የተጫነው ሌላ ነርቭ ነው። እሱ በክርን በኩል ስለሚያልፍ ክርን አጥፎ መተኛት ያባብሰዋል።

ሌሊት የሚብሰውም በምክንያት ነው። እንቅልፍ ሲወስደን አንጓችንን አጥፈን እጃችንን ጉንጫችን ወይም ትራሱ ሥር እንከታለን፤ ያን ጊዜ መተላለፊያው ይበልጥ ይጠባል። ተነሥተው እጅዎን ሲያራግፉት የሚለቅዎት ከሆነ ይህም አንዱ ምልክት ነው። ቀን ላይ ደግሞ የሁለቱን እጆች ጀርባ አጋጥመው፣ ጣቶቹን ወደ ታች ዘርግተው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ድንዛዜው እነዚያው ጣቶች ላይ ከመጣ ለሐኪሙ ይንገሩት።

ሥራዎም አስተዋጽኦ ሳይኖረው አይቀርም። ሊጡን ምጣዱ ላይ ሲያዞሩ፣ አክንባሎውን ሲያነሱ፣ እንጀራውን በሰፌድ ሲያወጡ አንጓዎ እየታጠፈ ሸክም ይሸከማል። ተዉት አልልም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። አክንባሎውን ግን በሁለት እጅ ያንሱ፤ የሚያግዝዎት ሰው ካለም ማዞሩን በየመሐሉ ያስረክቡ።

እኔን የጠቀመኝ ሌሊት ሌሊት የሚታሰር የአንጓ መደገፊያ ነው። በሕክምና ዕቃ መደብሮች ይሸጣል፤ ውስጡ ጠንካራ ዘንግ ያለውን ይምረጡ። አንጓው ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ወደ ኋላ የሚያጥፍ ከሆነ አይረባም፣ ጥብቅ ብሎ ሲታሰርም ራሱ ያደነዝዛል። ብዙውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል እንዲሞከር ይመከራል። ካልረዳ የስቴሮይድ መርፌ፣ ከዚያም መተላለፊያውን የሚከፍት ቀዶ ሕክምና አለ። ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ፣ ወይም ዕቃ ከእጅዎ እያመለጠ የሚወድቅ ከሆነ ግን ሳምንት አይቁጠሩ፤ ፈጥነው ይታዩ።

ስለ ቫይታሚኑ ከተነሣ፣ «ነርቭ» የተባለ ሁሉ በቫይታሚን ይድናል የሚባለው ነገር ያናድደኛል። አጥንትና ጅማት የተጫነውን ነርቭ ክኒን አያላቅቀውም። የቢ12 እጥረት ካለ ቫይታሚኑ ይሠራል፤ እጥረቱ መኖሩ ግን በምርመራ ይታወቅ። ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊጎድለው ይችላል፤ የቲቢ መድኃኒት አይሶኒያዚድ የሚወስድ ደግሞ ቢ6 ያስፈልገዋል። ለእርስዎ ከሁሉ በፊት የደም ስኳርና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ እጢ) ምርመራ ይሻላል፤ የሁለቱም መታወክ ለአንጓው ችግር ያጋልጣል። ስኳር ራሱ ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ጣቶች ይጀምራል።

ወደ ባትዎ ልምጣ። ጨምድዶ ሲይዝዎት ጉልበትዎን ዘርግተው የእግርዎን ጣቶች ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ወይም ተነሥተው ተረከዝዎን መሬት ላይ ይጫኑ። ጣቶቹን ወደ ፊት መዘርጋት ያባብሰዋል። ከመተኛትዎ በፊት ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው፣ ተረከዝዎን ከወለሉ ሳያነሱ ባትዎን ያሳስቡ። በኔዘርላንድስ ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የታተመ ጥናት ይህን በየምሽቱ ያደረጉ አረጋውያን የሚይዛቸው ጊዜ ብዛትም ሕመሙም እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። እኔ መስተዋቴን ፈትቼ ግድግዳውን ነጻ ያደረግሁት ለዚሁ ነው፤ ደንበኞቼ ይስቁብኛል።

ሙዙን ይብሉት፣ ጉዳት የለውም፤ ፖታሲየም ካልጎደለዎት ግን መድኃኒትም አይደለም። ማግኒዚየም የሚሸጥልዎት ካለ ገንዘብዎን ይያዙ፤ በ2020 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንደማይሰጥ ደምድሟል። ወባ በለመደው አገራችን ትልልቅ ሰዎች ለዚህ የወባውን መድኃኒት ኩዊኒን ሲያዝዙ ሰምቼ አውቃለሁ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን ደም ላይና ልብ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ለባት መጨምደድ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። ምጣድ ዳር ብዙ ያልብዎታልና ውኃ ይጠጡ። «ጨው ጨምሪበት» ያለችዎትን እህት ግን አይስሙ፣ የደም ግፊት አለብዎት።

ወጌሻ ጋ ይሂዱ ላሉት፦ አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ የሚያም ከሆነ ማንም አይሸው፤ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። እጅ ከፊትና ከአንደበት ጋር በድንገት ከከዳ ደግሞ «ሽውታ ነው» ተብሎ ሌሊቱ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ መሄድ ነው።

የመጨረሻው የክኒንዎ ነገር ነው። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሽንት ስለሚያበዙ ከሰውነት እንደ ፖታሲየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን ይዘው ይወጣሉ፤ ባት የሚጨመድደው በዚህም ሊሆን ይችላል። በራስዎ እንዳያቋርጡት። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ያንን ቫይታሚን ጨምሮ፣ ከነማሸጊያው ይዘው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ፖታሲየምዎ እንዲለካ ይጠይቁ።