ፋይሌ ላይ ምን እንደተጻፈ ማየት አልችልም ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ትንሽ የልብስ ስፌት ስራ አለኝ። አንድ ማሽን ልጨምር ብዬ ብድር ጠየቅኩ፣ ሁሉን ወረቀት አሟልቼ ከጨረስኩ በኋላ "ሲስተም ላይ ያልተከፈለ እዳ አለብሽ" አሉኝ። እኔ እኮ በህይወቴ ተበድሬ አላውቅም! እስቲ አሳየኝ ስለው ልጁ ስክሪኑን ወደራሱ አዙሮ "ይሄ የውስጥ መረጃ ነው፣ ለደንበኛ አይታይም" አለኝ። ሶስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ አንዴ ሀላፊው የለም፣ አንዴ ኔትወርክ የለም። በራሴ ስም የተጻፈውን ማየት አልችልም ማለት ነው?

መልስ፦ ትችያለሽ እህቴ፣ ያውም በህግ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል አለ፣ ቁጥሩን ያዢው። ስላንቺ መረጃ የያዘ ድርጅት ምን እንደያዘ እንዲያሳይሽ፣ የተሳሳተ ካለ ደግሞ እንዲያስተካክልልሽ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። ፋይሉ ውስጥ የሌላ ሰው ጉዳይ ካለ እሱን ሊሸፍኑት ይችላሉ፣ ያ ተገቢ ነው፣ ያንቺን ግን "የውስጥ ነው" ብለው ሊያስቀሩብሽ አይገባም።

እኔ የምጠረጥረው ምን መሰለሽ፣ የስም መመሳሰል ነው። እኛ ስማችንን ከአባትና ከአያት ነው የምንደረድረው፣ ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ ስንት ሰይድ መሐመድ፣ ስንት ፋጡማ አሊ እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ፣ በዛ ላይ ሲስተም ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ እንዲህ አንዱ እንዲያ ይጽፈዋል። ባንኮችና ማይክሮፋይናንሶች ደግሞ የተበዳሪን መረጃ በብሔራዊ ባንክ በኩል ስለሚለዋወጡ አንድ ቦታ የተሳሳተ ነገር ሌላም ቦታ ቀድሞሽ ይጠብቅሻል፣ ስለዚህ እዚህ እምቢ ካሉኝ ሌላ ጋ እሄዳለሁ ብለሽ እንዳትተይው።

ከአሁን በኋላ በአፍ አትጠይቂ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፊ፣ ሙሉ ስምሽን፣ ስልክሽን፣ ብድር የጠየቅሽበትን ቀን አድርጊበት፣ ከዛ በቀጥታ "አለብሽ የተባልኩት እዳ መቼ፣ ከየትኛው ቅርንጫፍ፣ በየትኛው መታወቂያ ቁጥር እንደተመዘገበ ኮፒው በጽሁፍ ይሰጠኝ፣ የኔ ካልሆነ ይታረምልኝ፣ መረጃው ለተላለፈለት አካልም መታረሙ ይነገርልኝ" በይ። አዋጁን በቁጥሩ ጥቀሺ። መታወቂያ ቁጥሩ ላይ ጠበቅ በይ፣ ስም ይመሳሰላል፣ የፋይዳ ቁጥር ግን የሁለት ሰው አይሆንም።

ሁለት ኮፒ አድርጊው። አንዱን መዝገብ ቤት ስጪ፣ ያንቺው ኮፒ ላይ ቀንና ቁጥር ተጽፎ "ገቢ" የሚለው ማህተም ይመታልሽ። እሱ ሳይመታ ከበሩ እንዳትወጪ፣ ነገ ተመለሺ ቢሉሽም ተቀምጠሽ ጠብቂ። ይሄን አጥብቄ የምልሽ ባየሁት ነው፣ አባቴ የጡረታ ወረቀቱ ላይ የአያቱ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ስንት ወር ተመላልሷል፣ የሄደባቸውን ቀኖች ግን ከሱ በቀር የሚመሰክርለት አልነበረም፣ በሄደ ቁጥር "መቼ አመለከትክ?" ነው የሚሉት። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መልስ ከነፈጉሽ ያቺን ማህተም ያለባት ኮፒ ይዘሽ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን አቤት ማለት ትችያለሽ፣ አዋጁን የሚያስፈጽመው እሱ ነው። አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ለኮምቦልቻ ሰው ሩቅ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን መጀመሪያ እዛው ያሉትን ሀላፊ በወረቀት ያዢያቸው፣ ብዙ ጊዜ ወረቀት ሲያዩ ነው የሚነቁት።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ፋይዳዬንና ዲግሪዬን በቴሌግራም ልኬ ፕሪንት አስደረግኩ። በሳምንቱ ስመለስ ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ላይ የኔም የሌላ ሰውም መታወቂያ ተደርድሮ አየሁ። ደነገጥኩ ግን ምን ብዬ ልናገር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መደንገጥህ ልክ ነው። ልጁ ክፋት ኖሮት ላይሆን ይችላል፣ ስራ ሲበዛበት የሚያጠፋበት ጊዜ አጥቶ ይሆናል፣ ግን ያንተን መታወቂያ ያስቀመጠው ያለፈቃድህ ነው፣ አጥፋልኝ ማለት ደግሞ መብትህ ነው። ሄደህ በትህትና ንገረው፣ ቆመህ እያየህ ዴስክቶፑን፣ ዳውንሎድ ፎልደሩን፣ ሪሳይክል ቢኑንም ያጽዳልህ። ቴሌግራሙን አንተው ራስህ ማጥፋት ትችላለህ፣ ስታጠፋ ከሱም ስልክ እንዲጠፋ የሚለውን ምረጥ። ዳውንሎድ ያደረገውን ግን ቴሌግራሙ አያጠፋልህም፣ ለዛ ነው ሄደህ እይ የምልህ።

ለወደፊቱ በፍላሽ ውሰድና ፕሪንት እንዳለቀ ንቀለው። ኮፒውን ለመስሪያ ቤት ስትሰጥም ፊቱ እንዳይሸፈን አድርገህ በእስክሪብቶ "ለስራ ማመልከቻ ብቻ" ብለህ ቀኑን ጻፍበት። የፋይዳ ቁጥር ከጠየቁህ ደግሞ 16 አሃዝ ያለውን ፋን (FAN፣ በዋናው ምትክ የሚሰጠውን ቁጥር) ስጣቸው፣ 12 አሃዙን ፊን (FIN፣ ዋናውን መለያ ቁጥርህን) ለራስህ ያዘው።