ሞኖሎግ ነው ሶሊሎኪ? የመድረክ ንግግር ላይ ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄ፦ ሁለቱም አንድ ሰው ለብቻው ረጅም ሰዓት የሚያወራበት ነው አይደል፣ ታዲያ ሞኖሎግና ሶሊሎኪ ምናቸው ነው የሚለያየው?

ርዝመቱን ተዉትና ማን ነው የሚሰማው በሉ። አንድ ገጸ ባህሪ ሳይቋረጥ ረዘም አርጎ ከተናገረ ሞኖሎግ ነው፣ ከዛ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ወይም ብቻዬን ነኝ ብሎ የልቡን ጮክ ብሎ የሚያወጣው ሶሊሎኪ ይባላል። የሼክስፒር ጁሊየስ ቄሳር የሚለው ተውኔት ላይ ማርክ አንቶኒ የተገደለው ቄሳር ሬሳ አጠገብ ቆሞ ለሮም ህዝብ ሲናገር ህዝቡ ይሰማዋል፣ መሀል ላይም እየገባ ይመልስለታል፣ እሱም ሁኔታቸውን እያየ ነው የሚቀጥለው፣ ስለዚህ ሶሊሎኪ ሊሆን አይችልም። ኦቴሎ የሚለው ተውኔቱ ላይ ደግሞ ተንኮለኛው ኢያጎ ሮድሪጎን ከሸኘ በኋላ ብቻውን ቀርቶ ተንኮሉን ሲያውጠነጥን ግን የሚሰማው ተመልካቹ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የሼክስፒሩ ሀምሌት ስለመኖርና አለመኖር ሲናገር ኦፌልያ እዛው ናት፣ ንጉሱና ፖሎኒየስም ተደብቀዋል፣ እንዴት ሶሊሎኪ ይባላል?

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። የሚባለው ለነሱ ስለማይናገር ነው፣ ኦፌልያን ልብ የሚላት መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ስታዩት ደግሞ እሷን እስኪያያት ድረስ “እኔ” የሚል ቃል አንዴም የለም፣ ሁሌ “እኛ” ነው የሚለው፣ ለዛ ነው ከራሱ ሀዘን ወጥቶ ስለሰው ልጅ ሁሉ የሚያስብ የሚመስለው። አንዳንድ አዘጋጆች ግን ሀምሌት እየሰሙት እንደሆነ አውቆ እንዲናገር ያረጉታል፣ ያኔ አንድ ቃል ሳይነካ ሶሊሎኪነቱ ቀረ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪፕቱ ላይ ካልተጻፈ የጎን ንግግርን (ሌሎቹ ገጸ ባህሪያት እንደማይሰሙት ሆኖ ለተመልካቹ የሚነገረውን) በምን አውቀዋለሁ?

የሼክስፒር የድሮ ህትመቶች ላይም ብዙ ጊዜ አልተጻፈም፣ በኋላ አርታኢዎች ናቸው የጨመሩት። አረፍተ ነገሩን በጣትህ ሸፍነህ ቀጥሎ ያለውን አንብብ፣ ንግግሩ ምንም ሳይጎድለው ከቀጠለና የተሸፈነው ነገር እዛ ላሉት ቢሰማ ጉድ የሚያፈላ ከሆነ የጎን ንግግር የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። ስትጫወተው አታንሾካሹክ ደግሞ፣ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ተመልካች ካልሰማው ምን ዋጋ አለው፣ ዞር ብለህ በግልጽ ተናገረውና ቶሎ ተመለስ፣ አጠገብህ ያለው ተዋናይ ነው እንዳልሰማ መሆን ያለበት።

ጥያቄ፦ የግሪክ ኮረስስ?

እሱ ሌላ ነው፣ የጥንት ግሪክ ተውኔት ላይ ያለ ቡድን ነው። በቡድን ይዘምራል፣ ይጨፍራል፣ በመሪው በኩል ደግሞ ከገጸ ባህሪያቱ ጋር ምልልስ ይገባል፣ ስለዚህ አንዴ ታዛቢ አንዴ ተሳታፊ ነው።

ጥያቄ፦ ለኦዲሽን ሞኖሎግ ይዘሽ ነይ ተብያለሁ፣ ሶሊሎኪ ብይዝ ችግር አለው?

የለውም የኔ እህት፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለሰው የሚነገር ብትይዢ ይሻልሻል፣ ከዛ ሰው የምትፈልጊው ነገር ስላለ ድምጽሽም አይንሽም ቦታውን ያገኛል። የግድ ሶሊሎኪ ካልሽ የምትጫወቻት ገጸ ባህሪ ሀሳቧን የምትቀይርበትን መስመር ፈልጊና በእርሳስ አስምሪበት፣ እስከዛ ድረስ መጨረሻውን እንደማታውቂ ሆነሽ ተለማመጂው።