ኮርሱን ከመግዛትሽ በፊት ስለ ምጣዱ እናውራ

እህቴ ሰላም ነሽ? የጻፍሽልኝን ሁለቴ አነበብኩት። 46 ዓመትሽ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነሽ፣ 11 ዓመት ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆነሽ ማታ ማታ ሰርተሻል፣ አሁን ወገብሽ እምቢ እያለ ነው፣ ልጅሽ ደግሞ ኮሌጅ ልትገባ ነው። አንድ ሰውዬ በዙም ሰብስቧችሁ የአፊሊየት ማርኬቲንግ ኮርስ በ1,500 ዶላር ግዙ፣ ተኝታችሁም ገንዘብ ይገባላችኋል አላችሁ፣ አንቺም "ልክፈል ወይስ በዚህ እድሜዬ ይቅርብኝ" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አትክፈይ። ስራውን ግን አትተዪው።

አፊሊየት ማለት አንድ ድርጅት የራስሽን ሊንክ ይሰጥሻል፣ ሰው በሱ ገብቶ ሲገዛ ኮሚሽን ይከፍልሻል፣ በቃ ይሄው ነው። አማዞን በ1996 ነው የጀመረው፣ እስከዛሬም ለመመዝገብ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ክፍያ ከፍላችሁ ግቡ፣ ሌላ ሰው ካመጣችሁ ደግሞ ከሱ ላይ እንከፍላችኋለን የሚል ካጋጠመሽ ገንዘቡ የሚመጣው ከዕቃ ሽያጭ ሳይሆን ከኋላሽ ከሚገባው ሰው ኪስ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ የዕቁብ ጓደኛሽ ወይ እሁድ ቤተክርስቲያን የምታገኛት እህት ናት። ይሄንን በጣም እለምንሻለሁ፣ አትግቢበት።

አሁን በደብዳቤሽ መሃል እንደ ቀላል ነገር ጣል ወዳደረግሽው ልምጣ። እንጀራሽ አይኑ ጥሩ ስለሚወጣ ሴቶቹ ሁሉ "የትኛውን ምጣድ ነው የምትጠቀሚው?" እያሉ ይደውሉልሻል ብለሻል። ስራሽ እሱ ነው! ኖርዌጂያኖች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ባለ 16 ኢንቹ ሄሪቴጅ ግሪል አሜሪካ ባለ ሐበሻ ቤት ሁሉ እየገባ ነው፣ ግን አዲስ የመጣች ልጅ ስንት ዲግሪ ላይ እንደምታደርገው፣ መጀመሪያ እንዴት እንደምታሟሸው፣ አክንባሎ ከየት እንደምታመጣ፣ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣችው የ220 ቮልት ምጣድ እዚህ ግድግዳ ላይ ስትሰካው ለምን በደንብ እንደማይግልላት ማን ይነግራታል? አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ስንት ዓመት ሊጥ አበላሽተሽ የተማርሽው ነው። እድሜዬ ያልሽው እዚህ ጋ ይጠቅምሻል እንጂ አይጎዳሽም፣ የ22 ዓመት ልጅ ስለ አብሲት ስታወራ እናቶች አይሰሟትም።

ሂሳቡን ግን በግልጽ ልንገርሽ። አማዞን ላይ የወጥ ቤት ዕቃ ኮሚሽን 4.5 በመቶ ነው፣ ግሮሰሪ 1 በመቶ። ስለዚህ የ30 ዶላር ጤፍ ብታሸጪ 30 ሳንቲም ነው የምታገኚው፣ ምጣዱ 150 ዶላር ነው ብንል 6 ዶላር ከ75። በወር 300 ዶላር ለማግኘት 45 ምጣድ ገደማ መሸጥ አለበት፣ ሊንኩን ከሚነኩት 100 ሰዎች 3 ይገዛሉ ብንል እንኳን በወር 1,500 ሰው መንካት አለበት ማለት ነው። ጥሩው ነገር ሰውየው ሊንክሽን ነክቶ በ24 ሰዓት ውስጥ የገዛው ሌላ ዕቃም ይቆጠርልሻል፣ ሰፌድም ይሁን የልጅ ጫማ። ራስሽ በራስሽ ሊንክ የገዛሽው ግን አይቆጠርም፣ በመጀመሪያዎቹ 180 ቀናት ደግሞ 3 ሽያጭ ካላመጣሽ አካውንቱን ይዘጉታል፣ ስለዚህ ሁለት ሶስት ቪዲዮ ሳይኖርሽ አትመዝገቢ። ክፍያውም ወሩ ካለቀ ወደ 60 ቀን ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ የጃንዋሪው ማርች መጨረሻ አካባቢ። የመጀመሪያውን ዓመት የጋዝ ብትሸፍኚበት ጥሩ ነው በይ፣ የኮሌጅ ክፍያ ላይ እንዳታስቢው።

ደሞ አማዞን ላይ መስራት በኪራይ ቤት እንደ መኖር ነው፣ ባለቤቱ ህጉን ሲፈልግ ይቀይራል፣ ያንንም እወቂ። ኤፕሪል 2020 ላይ አማዞን ኮሚሽኑን ቆርጦ የቤት ዕቃ (ፈርኒቸርና የመሳሰለው) ከ8 ወደ 3፣ ግሮሰሪ ከ5 ወደ 1 በመቶ ወረደ፣ በሱ ብቻ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገቢያቸው ተቆረጠ። ለዛ ነው ሺፍትሽን አትልቀቂ የምልሽ። ቪዲዮውም ዩቲዩብ ላይ ይሁን፣ ቲክቶክ ላይ የለጠፍሽው በሳምንቱ ይረሳል፣ "ምጣድ እንዴት ይሟሻል" ብላ ዩቲዩብ ላይ የምትፈልግ ሴት ግን ከሁለት ዓመት በኋላም ታገኝሻለች፣ ቀጣይነት ያለው ገቢ ከዛ ነው የሚመጣው።

ኮሚሽን እንደምታገኚ በግልጽ ተናገሪ፣ የፌደራል ንግድ ኮሚሽኑ ያስገድዳል፣ ቪዲዮው በአማርኛ ከሆነ ማሳወቂያውም በአማርኛ ይሁን። "በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ ትንሽ ኮሚሽን አገኛለሁ፣ እናንተ ላይ አይጨምርም" ካልሽ ማንም አይቀየምሽም። ያልጋገርሽበትን ምጣድ ግን ኮሚሽኑ ስለበለጠ ብለሽ እንዳታስተዋውቂ፣ እንጀራው ሲጣበቅባት እሁድ ፊት ለፊት ነው የምታገኚያት።

ታክሱ ላይ ገቢው ትንሽም ቢሆን በስኬጁል ሲ (የግል ስራ ገቢ በሚሞላበት የታክስ ፎርም) ታሳውቂያለሽ፣ ከወጪ በኋላ በዓመት 400 ዶላርና ከዛ በላይ ከተረፈሽ ደግሞ 15.3 በመቶ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት (በግል የሚሰሩ ሰዎች የሚከፍሉት) ታክስም አለበት፣ ስለዚህ ከሚገባው ላይ ሩቡን ለብቻ አስቀምጪ፣ ለስራው የገዛሽውን ደረሰኝ ሁሉ ያዢ። የምትሰሪበት ቦታ ፎር ኦ ዋን ኬ (የጡረታ ቁጠባ) ላይ የሚጨምርልሽ ማች ካለና እስካሁን ካልተጠቀምሽበት ደግሞ ነገ ኤችአር ሂጂና ጠይቂ፣ እሱ ከየትኛውም ሊንክ ይበልጣል።

ለኮርስ ያልሽውን 1,500 ዶላር አስቀምጪው። የስልክ ማቆሚያና ትንሽ ማይክ ይበቃሻል፣ ቅዳሜ ስትጋግሪ ስልኩን ከምጣዱ በላይ አቁሚና እጅሽን ብቻ ቅረጪ፣ ለደወለችልሽ ሴት እንደምታስረጂው አስረጂ። ስትጨርሺ ሳትለጥፊው በፊት ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።