ከአዲስ አበባ ዳር በላባ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ፦ ጥያቄና መልስ

ዝናቡ ሊያባራ ነው፤ ጥያቄውም መጉረፍ ጀምሯል። የምኖረው ሰበታ ነው። ፍላይ ፊሺንግ የሚባለውን፣ ትል ሳይሆን በላባ የተሠራ ዝንብ ይዞ ዓሣ ማጥመድን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ሰሞኑን በየአቅጣጫው ካሉ የከተማዋ ዳር ነዋሪዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደመጡ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ በቀጥታ ልጠይቅ። አዲስ አበባ ዙሪያ ትራውት አለ? (ከሱሉልታ)

የለም። እንጦጦ ሥር ጅረት ውስጥ አየሁ የሚልህ ካለ ሌላ ዓሣ ነው ያየው። ትራውት ላገራችን እንግዳ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀቀ፤ እዚያው እየተራባ ይኖራል። ዲንሾ አጠገብ ያሉት ወብና ዳንካ በእሱ ይታወቃሉ። ከዚህ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ የለም።

ለምን እዚያ ብቻ? ትራውት ቀዝቃዛና ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ይፈልጋል። ውሃው 20 ዲግሪን ሲያልፍ ይጨናነቃል፣ መብላቱንም ይቀንሳል። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። የኛ ዙሪያ ጅረቶች ከፍታ አላነሳቸውም። ግን ግማሾቹ በበጋ ይጠፋሉ፣ ግማሾቹ የከተማውን ቆሻሻ ይሸከማሉ።

ታዲያ እኛ ምን ላይ እንለማመድ? (ከቡራዩ)

ቢልጫ ላይ። አንዳንድ ቦታ ነጭ ዓሣ ይሉታል። ፈሳሽ ውሃ ይወዳል፣ ጉልበተኛ ነው፣ ከወንዝ ግርጌ የነፍሳት እጭ ይለቅማል። ለትራውት የምንጠቀምበት ኒምፍ፣ ማለትም ገና ውሃ ውስጥ ያለ እጭ የሚመስለው ዝንብ፣ ለቢልጫም ይሠራል። አዋሽ ላይ በመልካ ቁንጡሬ በኩል ሞክሩ፤ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሙገርና ጀማም አሉ፤ ግን ገደል መውረድ አለበት፣ መውጣቱ ደግሞ ይብሳል።

ሐይቅ ለምትፈልጉ ቢሾፍቱ ቅርብ ነው። እዚያ ያለው ቆሮሶ ነው። ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ዝንብ ለማስጎረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ትንሽ ኒምፍ ዳር ዳሩን በጣም በዝግታ ጎትቱ። እንስቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። አፏ የሞላ ከያዛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ መልሷት።

ቆቃ ከሄዳችሁ ዱባ የሚሉት ካርፕ አለ። አምባዛ በዝንብ ይያዛል ወይ ላላችሁኝ፦ ይያዛል፤ እኔ ግን አልወደውም።

በውጭ ቪዲዮ ላይ ሁሉም ስፕሪንግ፣ ስፕሪንግ ይላል። ለእኛ መቼ ነው? (ከለገጣፎ)

እነሱ ያንን ወቅት የሚወዱት ምክንያት አላቸው። ክረምታቸው በረዶ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥና ወንዙ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ታች ሲያድጉ የከረሙት ነፍሳት ክንፍ አውጥተው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሜይፍላይ የምትባለዋ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ያህል በእጭነት ውሃ ውስጥ ትኖራለች፤ ክንፍ ካወጣች በኋላ ግን ዕድሜዋ አንድ ሁለት ቀን ነው። ትራውቱ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ከላይ ይለቅማል። ሐይቅ ላይ ደግሞ በረዶው ሲለቅ ቀድሞ የሚሞቀው ጥልቀት የሌለው ዳር ነው፤ ዓሣውም ወደ ዳር ይመጣል። ጀልባ የሌለው ሰው በዓመት ውስጥ የሚያገኘው ምርጥ ጊዜ ያ ነው።

የኛን ወቅት የሚወስነው ሙቀት ሳይሆን ዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አዋሽ ጭቃ ነው። በዝንብ ማጥመድ በዓሣው ዓይን ላይ የቆመ ሥራ ስለሆነ፣ በድፍርስ ውሃ መወርወር ክንድ ማድከም ብቻ ነው። የጣና ነጭ ዓሦች በክረምቱ ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላል እንደሚጥሉ በደንብ የታወቀ ነው፤ እኔ ወንዝ ላይ ያለውንም በዚያው ወቅት አልነካውም። ስለዚህ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። መለኪያዬ ቀላል ነው። የዘንጉን ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ውሃው ውስጥ አስገባለሁ። ጫፉ ከታየኝ እቀጥላለሁ፣ ካልታየኝ ወደ ሻይ ቤት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢሾፍቱ ሆራ ላይ ኢሬቻ የሚከበረው ወቅቱ ሊገባ ሲል ነው። በዚያ ሰሞን ሐይቁ የበዓሉ ነው። ዘንግ ይዛችሁ አትሂዱ።

ለመጀመር ምን ልግዛ? በጀቴ ትንሽ ነው። (ከአያት)

መጀመሪያ አትግዛ። የሰው ዘንግ ተውሰህ ሣር ላይ ወርውር። ከወደድከው ትገዛለህ፣ ካልወደድከው ገንዘብህ ተረፈ።

ወደኸው ከሆነ ቁጥር 5 ዘንግ (ቁጥሩ የሚወረውረውን ክር ክብደት ያሳያል)፣ ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ገደማ። ለትራውት፣ ለቢልጫም፣ ለቆሮሶም ይሆናል። ከዘንጉ ቁጥር ጋር የሚመሳሰል ቁጥር 5 ወፍራም ክር፤ ከእሱ ጫፍ 9 ጫማ ያህል እየቀጠነ የሚሄድ የማይታይ ክር። መጨረሻው 0.15 ወይም 0.18 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ትልቅ ቢልጫ የሚጠብቅ ትንሽ ያወፍር። ማጠንጠኛው (ሪሉ) ርካሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ክሩ ላይ ግን አትቆጥብ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። የሚያብለጨልጭ ሪል ገዝቶ የማይንሳፈፍ ክር ያስርበታል።

መርካቶ መንጠቆና ናይለን ክር አይጠፋም። የዝንብ ዘንግ ግን በአብዛኛው ከውጭ በዘመድ ነው የሚመጣው። አራት ቁራጭ ሆኖ የሚፈታታውን አስመጣ፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ሁለት ወር ተለማመድኩ። ክሩ ይጠላለፋል፣ ዝንቡም ተበጥሶ ይጠፋል። ምን አጠፋሁ? (ከሰበታ)

የሰፈሬ ልጅ፣ የቡሄ ጅራፍ እያጮህክ ነው። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ገና ሳይዘረጋ በኃይል አቅጣጫ ሲቀይር ነው። ለቡሄ ጥሩ ነው። እዚህ ግን ያ ጩኸት ዝንብህ ተበጥሶ ሲሄድ የምትሰማው ድምፅ ነው።

በሌላው ማጥመድ እርሳሱ ክሩን ይጎትታል። እዚህ ዝንቡ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ የምትወረውረው ራሱን ክሩን ነው። ክሩ ከኋላህ ቀጥ ብሎ እስኪዘረጋ ካልጠበቅክ ወደፊት የሚሄድ ነገር የለም። ስለዚህ ወደ ኋላ አንሳ፣ ቁም፣ ዞር ብለህ እይ፣ ከዚያ ወደፊት። መዞሩ አያሳፍርም። የእጅህ አንጓ አይታጠፍ፤ ክርንህ ይሥራ። ከ10 ሜትር በላይ ለመወርወር አትሞክር፤ ብዙው ዓሣ ከዚያ በቅርብ ነው የሚያዘው። ስትለማመድም ጫፉ ላይ መንጠቆ ሳይሆን ቁራጭ የሱፍ ክር እሰር፤ ጆሮህ ይተርፋል።

ዝንቡን ራሴ መሥራት እችላለሁ? ለአንዱ የሚጠይቁት ዋጋ ያስደነግጣል። (ከአቃቂ)

ትችያለሽ፤ ላባውም ጓሮሽ ነው ያለው። በዓለም ላይ ከታወቁት ተንሳፋፊ ዝንቦች አንዱ አዳምስ ነው። በ1922 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ተሠራ። የሚፈልገው ሁለት ዓይነት የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው፦ ቡናማና ገብስማ። ለእንቁጣጣሽ ገብስማ አውራ የሚያርድ ጎረቤት ካለሽ ቀድመሽ አንገቱን ተናገሪ። ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ላባ ይንሳፈፋል። የሴት ዶሮ ላባ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፤ እሱ ለሚሰምጠው ዝንብ ይሁን። ለኒምፉ አካል ቡናማ የበግ ፀጉር በጣትሽ ክሩ ላይ ጠቅልይ። የልብስ ስፌት ክር ይወፍራል፤ ያገኘሽውን ቀጭን ተጠቀሚ። ከቁጥር 12 እስከ 16 ያለ መንጠቆ ያዢ። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ አትርሺ።

አስቀያሚ ቢሆንብሽ አትጨነቂ። ዓሣ ቆንጆውን አይመርጥም።

ቢሾፍቱ ላይ ብዙ ዓሣ ሞቶ ተንሳፍፎ አየሁ። መርዝ ተጨምሮበት ነው? (ከዱከም)

መርዝ መሆኑን ለማወቅ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ግን መርዝ ሳይኖርም ይህ ይከሰታል። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ጠባብ፣ ግን በጣም ጥልቅ፤ ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዙሪያው ገደል ስለሆነ ነፋስ እንደልቡ አያናውጠውም። ስለዚህ ሞቃቱ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ተለያይተው ይቀመጣሉ። ታች ያለው ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ብስባሹም እዚያው ይጠራቀማል። ብርድ የሚበረታው ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ ሌሊት የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዝና ይከብዳል፣ ይሰምጣል። የታችኛው ይገለበጥና ይወጣል። ዓሣው ትንፋሽ ያጥረዋል።

ለአጥማጅ ምን ማለት ነው? ከብርድ ሌሊት በኋላ ዓሦች ላይ መጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ካየህ ነፍሳት እየለቀሙ አይደለም፤ አየር ፍለጋ ነው። ዘንግህን እጠፍ። የሞተውንም ለመብል አትልቀም።

አባ ሳሙኤል ግድብ ለቤቴ ቅርብ ነው። እዚያ ባጠምድስ? (ከቱሉ ዲምቱ)

የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዞ የሚገባው እዚያ ነው። እምቦጩም መወርወሪያ ቦታ ሊያሳጣህ ይችላል። ከዚያ የተያዘ ዓሣ እኔ ቤት አይገባም።

ለገዳዲና ገፈርሳስ?

የመጠጥ ውሃ ናቸው። ያለ ፈቃድ አይገባም። አለቀ።

ወንዝ ዳር ስደርስ ዓሣው የት እንዳለ በምን አውቃለሁ? (ከሱሉልታ)

ይህን የሚጠይቅ ሰው ዓሣ ይይዛል። ዓሣ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ምግብ፣ መደበቂያና ጉልበት የማያስጨርስ ቦታ። ምግቡን የሚያመጣለት ፈጣኑ ፈሳሽ ነው፤ ፈጣኑ ውስጥ መቆም ግን ያደክመዋል። ስለዚህ በፈጣኑና በዝግተኛው ድንበር ላይ ይቆማል። ከድንጋይ ጀርባ፣ ከድንጋይ ፊትም ትንሽ ጸጥ ያለ ቦታ አለ። የተቦረቦረ ዳርቻ ሥር፣ ዛፍ ያጠላበት። ውሃው ላይ የአረፋ መስመር ካየህ ተከተለው፤ አረፋውን የወሰደ ፈሳሽ ነፍሳቱንም ይወስዳል።

ዓሣ ፊቱን ወደ ፈሳሹ መምጫ አዙሮ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ተራመድ፣ ከኋላው ነህ። ጥላህ ውሃው ላይ እንዳያርፍ። ፖላራይዝድ መነጽር የውሃውን ነጸብራቅ ስለሚቆርጥ ከዘንግ ቀጥሎ የምመክረው ዕቃ እሱ ነው። ደግሞም መጀመሪያ እግርህ ሥር ያለውን ዳር አጥምድ። ሰው ሁሉ መሃሉን እያየ ገብቶ ዳር የቆመውን ያስበረግጋል።

ባሌ ሄጄ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ ምንም አላገኘሁም። (ከአያት)

በኅዳርና በታኅሣሥ እዚያ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ውሃውም ዓሣውም ደንዝዟል። ተኛ፣ ቁርስህን ብላ፣ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ውሃውን ሲነካ ውጣ። ጠዋት የግድ ካልክ ከባድ ኒምፍ መሬት እስኪነካ አውርድ። ላይ የሚበላ ካላየህ ላይ አትወርውር፤ ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው በታች ነው። ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ለማጥመድ ደግሞ ዲንሾ ካለው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አስቀድመህ ጠይቅ።

ልጄ፣ ዓሣ ይዞ መልሶ መልቀቅ ምን የሚሉት ሥራ ነው? (የአቃቂ እናት)

እማማ፣ ለተራበ ሰው አይመከርም። እኔም የሚበላውን እይዛለሁ፤ የተረፈውን ነው የምለቀው። በትንሽ ወንዝ ውስጥ ትልቅ ዓሣ ለመሆን ዓመታት ይፈጃል፤ ትልቋን ካወጣን እንቁላሏም አብሮ ወጣ። ለባሌ ትራውት ግን እንዲህ አልከራከርም። መጤ ነው፤ ፓርኩ ከፈቀደ መጥበሻ ላይ ቢያልቅም ቅር አይለኝም። ጾም ላይ ይበላል አይበላም የሚለውን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁልኝ፤ እኔ እዚያ ጣልቃ አልገባም።

ለሚለቅ ሰው፦ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ተጫን፣ እጅህን አርጥብ፣ ዓሣውን መሬት ላይ አታንከባልል። ፎቶውን እስትንፋስህን ይዘህ አንሳ፤ አንተ ሲጨንቅህ እሱም ጨንቆታል።

ሕጉስ ምን ይላል? (ከቡራዩ)

በፌዴራል ደረጃ በ1995 ዓ.ም. የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለ። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። በተግባር ግን መጀመሪያ የምታገኙት የወረዳ ግብርና ባለሙያውን፣ የአጥማጆች ማኅበርንና የመሬቱን ባለቤት ነው። ቢሾፍቱ ላይ ብዙው ዳርቻ የሆቴል ነው። ሰላም ብሎ የጠየቀ አይከለከልም፤ አጥር የዘለለ ግን ለሌሎቻችንም በሩን ያዘጋል።

የ10 ዓመት ልጄን ይዤ ብሄድ አደጋ አለው? (ከለገጣፎ)

እንደ ቦታው ነው። ቆቃ ላይ ጉማሬና አዞ አለ፤ ልጅ ይዘሽ ውሃ ዳር አትቁሚ፣ አንቺም አትግቢ። እንደ ዝዋይ ባሉ ሞቃት ሐይቆች ቢልሃርዝያ ስላለ ባዶ እግር አይገባም። መልካ ቁንጡሬ ላይ ፈሳሹ የቀነሰበትን ወቅት ጠብቂ፣ በወንዙ መምጫ በኩል ደመና ካየሽ ከወንዙ ውጪ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጅሽ ሣር ላይ ትጀምር። አጭር ክር፣ መንጠቆ የሌለው ጫፍ። ልጆች ጉልበት ስለሌላቸው ከአዋቂ ቀድመው ይገባቸዋል፤ ክሩን ከማስገደድ ይልቅ ይጠብቁታል። ወንዝ ስትሄዱ የመንጠቆውን እሾህ አጥፊው። ኮፍያና መነጽር ሳታደርግ ደግሞ ዘንግ አታስይዣት።