ለመንጋ የሚንጎራጎር ዜማ፦ ስለ ዘፋኝ ካውቦዮች ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮው የካውቦይ ዘፈን ከላካችሁልን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ የኬኒ ሮጀርስና የዶን ዊሊያምስ ዘፈን ቤታችን አይጠፋም ነበር። የካውቦይ ዘፈን የሚሉት ከዚያ በምን ይለያል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በሚያነሣው ነገር ይለያል። እነሱ የሚዘፍኑት ካንትሪ ስለ ትዳር፣ ስለ ፍቅር ስብራትና ስለ ቤት ነው። የካውቦዩ ዘፈን ደግሞ ስለ ሜዳው፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ከብቱና ስለ ውኃ ጥም ነው። ዘፋኝ ካውቦይ የሚባለው ገጸ ባሕርይ በፊልም የገነነው በ1930ዎቹ ነው። የባቡር ኩባንያ ቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረው ጂን ኦትሪ በ1935፣ ሮይ ሮጀርስ ደግሞ በ1938 መሪ ተዋናይ ሆነው ወጡ። በ1937 ኸርብ ጄፍሪስ ጥቁር ዘፋኝ ካውቦይ ሆኖ በፊልም ታየ፤ ይህ ሰው ከሚገባው በታች ነው የሚነሣው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው ከ«ሰንስ ኦቭ ዘ ፓዮኒርስ» ቡድን ቢጀምር እንመክራለን።

ጥያቄ፦ እውነተኞቹ ከብት ነጂዎች በርግጥ ይዘፍኑ ነበር? ወይስ ፊልም ሠሪዎች የፈጠሩት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይዘፍኑ ነበር፤ ያውም ለሥራ ብለው። ከ1867 ጀምሮ ከቴክሳስ ተነሥቶ ካንሳስ ውስጥ ወዳለችው አቢሊን በሚወስደው የቺሾልም መንገድ ብዙ ጊዜ ከ2,000 በላይ ከብት በአንድ መንጋ ይነዳ ነበር። አስቸጋሪው ሌሊቱ ነው። የተኛ መንጋ እንጨት ቀጭ ሲል ወይም መብረቅ ሲበርቅ ባንዴ ይደነብራል፤ ከደነበረ ደግሞ ማቆሙ ከባድ ነው። ስለዚህ ተረኞቹ በፈረስ ሆነው መንጋውን በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንጎራጉራሉ። ከብቱ ድምፁን ከሩቅ ስለሚሰማ ፈረሰኛው ከጨለማው ብቅ ሲል አይደነግጥም። ዓለማዊው ግጥም ሲያልቅባቸው የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይቀጥላሉ። ጆን ሎማክስ እነዚህን ዘፈኖች ሰብስቦ በ1910 በመጽሐፍ አሳተማቸው።

ዜማው የተሠራው የፈራ እንስሳ ለማረጋጋት ነው። ዛሬም ጆሮ የሚይዘው ለዚህ ይመስለናል። በፍጥነትና በጩኸት የተዘፈነ ዕለት ግን ጣዕሙ ይጠፋል። ቀጥሎ ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጊታር እጫወታለሁ፤ ኮርዶቹንም አውቃቸዋለሁ። ግን የካውቦይ ዘፈን አልመስል አለኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ የጎደለው የፈረሱ ሶምሶማ ነው። ጂ (G)፣ ሲ (C) እና ዲ ሰባት (D7) ካሉዎት ግራ እጅዎ ለብዙ ዘፈኖች በቂ ነው፤ ሥራው ያለው ቀኝ እጅ ላይ ነው። በጂ ላይ አውራ ጣት ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ይመታል፤ ሌሎቹ ጣቶች ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች ጠረግ ያደርጓቸዋል። ከዚያ አውራ ጣት አራተኛውን ክር ይመታል፤ እንደገና ጠረግ። በሲ መጀመሪያ አምስተኛው ከዚያ አራተኛው፣ በዲ ሰባት መጀመሪያ አራተኛው ከዚያ አምስተኛው ክር ይመታል። በዲ ሰባት ላይ ስድስተኛውን ክር ከነኩ ኮርዱ ይደፈርሳል።

አሁን ሶምሶማው። አንዱን ምት እኩል ለሁለት ከከፈሉት የወታደር ሰልፍ ይሆንብዎታል። በልብዎ ለሦስት ይክፈሉት፤ ባሱ (የአውራ ጣቱ ምት) አንደኛው ላይ ይረፍ፣ ጠረጉ ሦስተኛው ላይ ይምጣ፣ ሁለተኛው ዝም ይበል። ዱም… ታ፣ ዱም… ታ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 80 ምት ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ ከፈጠነ ሶምሶማው ግልቢያ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚፈጥነው ኮርድ ሲቀይር ነው፤ ጣቱ እንዳይዘገይበት ፈርቶ ቀድሞ ይሮጣል። የዘገየ እንደሆነ ጠረጉ ይቅር፤ ባሱ ግን በሰዓቱ ይውደቅ። ሰሚው የሚከተለው ባሱን ነው።

«ሆም ኦን ዘ ሬንጅ»ን ለመሰሉ ዘፈኖች ይህ አይሠራም፤ እነሱ በሦስት ምት የሚሄዱ ዋልስ ናቸው፤ ባስ፣ ጠረግ፣ ጠረግ።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች አብረን እንዘፍናለን። ብቻ ብቻችንን ጥሩ ነን፤ አንድ ላይ ስንሆን ግን ይረበሻል። ዮድሉንም መሞከር እንፈልጋለን። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ዋናውን ዜማ የሚይዘው ሰው መካከል ላይ ይሁን፤ አንዱ ከሱ በላይ፣ አንዱ ከሱ በታች። የሚረብሻችሁ ግን የድምፅ ቁመት ሳይሆን የሐረግ መጨረሻ ይመስለናል። በአማርኛ ዘፈን ያደገ ጉሮሮ መጨረሻ ላይ ድምፁን ማርገብገብ ይወዳል፤ ለእንጉርጉሮ ጌጥ ነው፤ እዚህ ግን ሦስት ሰው በየራሱ ሲያርገበግብ ስምሙ ይፈርሳል። መጨረሻውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ አብራችሁ ተንፍሱ፤ አብራችሁ ዝጉ። የ«ሰንስ ኦቭ ዘ ፓዮኒርስ» አባል ቦብ ኖላን በጻፈው «ኩል ዋተር» ላይ መሪው «ዋተር» ሲል ተቀባዮቹ ከኋላ ቃሉን ያስተጋባሉ። እዚያ ላይ «ር»ን እንደ አማርኛው ካንቀጠቀጣችሁት ወይም ከጎተታችሁት የገደል ማሚቶው ይበላሻል። የሚጎተተው አናባቢው ነው፤ «ር» መጨረሻ ላይ ነካ ተደርጎ ይለቀቃል።

ዮድል ከደረት ድምፅ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ድንገት መዝለል ነው። ከአልፕስ ተራሮች የመጣ ስልት ሲሆን፣ ለካውቦይ ዘፋኞች መንገድ የከፈተው የካንትሪ ዘፋኙ ጂሚ ሮጀርስ በ1927 የቀረፀው ዘፈን ነው። መጀመሪያ «ኣ» እያላችሁ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ድምፃችሁ የሚሰበርበትን ቦታ ታገኛላችሁ። ከስብራቱ በታች «ኦ» በሉ፤ ከዚያ ሳታንሸራትቱ ከስብራቱ በላይ «ኢ»። ከታችኛው ሶል ወደ ላይኛው ሚ መዝለል ጥሩ መነሻ ነው። በመዘምራን የሠለጠነ ሰው ይህ ይከብደዋል፤ ስብራቱን መሸፈን ነው የተማረው፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ስብራቱ ራሱ ነው። ቀጭኑን ድምፅ በኃይል ለማውጣት መሞከር ጉሮሮን ይጨብጠዋል። በለሆሳስ፣ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ጉሮሮ መከርከር ከጀመረ የዕለቱ ልምምድ አበቃ።

ጥያቄ፦ ክራሬን በትዝታ ቃኝቼ «ሆም ኦን ዘ ሬንጅ»ን ስሞክር መጀመሪያው መስመር ላይ ይጠፋብኛል። ለምን? (ከጎንደር)

መልስ፦ ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም። በትዝታ ሙሉ ቅኝት ያለዎት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ዜማው «ኦ ጊቭ ሚ ኤ ሆም» እስከሚለው ድረስ በነዚሁ ይሄዳል፤ «ዌር ዘ በፋሎ ሮም» ላይ ሲደርስ ግን የዶ ሬ ሚውን ሲ እና ፋ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ክራርዎ ላይ የሉም። በስድስት ክር ሁለቱን ለመጨመር ቅኝቱን ማፍረስ ሊኖርብዎት ነው፤ አንመክርም። ዜማውን ለድምፅዎ ይተዉና ክራሩ ያጅብ። ግራ እጅዎ የማይፈለጉትን ክሮች እያፈነ ቀኝዎ ይግረፍ፤ በመነሻው ኮርድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ክፍት ይሁኑ፤ ጊታሩ የፋን ኮርድ በሚይዝበት ዶ እና ላ ብቻ፤ የሶልን ኮርድ በሚይዝበት ሶል እና ሬ ብቻ። የጎደለውን ፋና ሲ ድምፅዎ ይሞላዋል። የመጀመሪያውን ምት ጠንከር፣ ሁለቱን ለስለስ አድርገው ይግረፉ።