የአንባቢያን ጥያቄ፦ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚበላሽ ሚሞሪ ካርድ

ጥያቄ፦ ልጆቼ ያለ ኢንተርኔት ዊኪፔዲያን በኪዊክስ እንዲያነቡ፣ እኔም የቤተሰቡን ፎቶግራፎች አንድ ቦታ እንዳስቀምጥ ብዬ 2 ጊጋባይት ራም ያለው ራስቤሪ ፓይ 4 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ገዝቼ ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩበት። የማሠራው በቆየ የስልክ ቻርጀር ነው። በአራት ወር ውስጥ ሦስት ሚሞሪ ካርዶች ተበላሽተውብኛል፤ ሦስቱም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው? ትቼው ወደ አሮጌ ዴስክቶፕ ብመለስስ?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ከገለጹልን ሁኔታ ስንነሳ መሣሪያዎ ጤነኛ ይመስለናል፤ መታረም ያለበት በካርዱ ላይ የሚጻፍበት መንገድና የኃይል ምንጩ ነው። ሊኑክስ የሚቀመጥን ፋይል ወዲያውኑ ካርዱ ላይ አያሳርፍም፤ ለጥቂት ሰከንዶች በራም (ኃይል ሲቋረጥ የያዘው ሁሉ በሚጠፋ ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ያቆየዋል። ካርዱ በበኩሉ መረጃ የሚሰርዘው በትልልቅ ክፍል ስለሆነ፣ ትንሽ ፋይል ለመጻፍ ሲል በአጠገቡ ያሉትን ጭምር ከቦታ ቦታ ያዛውራል፤ የት እንዳስቀመጣቸውም በራሱ የውስጥ መዝገብ ይይዛል። መብራት በዚህ መካከል ከጠፋ፣ ሲጻፍ የነበረው ብቻ ሳይሆን ለወራት ያልተነካ የሲስተሙ ፋይልም አብሮ ሊበላሽ ይችላል። እርስዎ ምንም ባይጽፉ እንኳ ሊኑክስ የሥራ መዝገቡን ቀንና ሌሊት ይጽፋልና አደጋው አይቋረጥም።

ስለዚህ ራስፒ ኮንፊግ በተባለው የራስቤሪ ፓይ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም የሚባለውን አማራጭ እንዲያበሩ አጥብቀን እንመክራለን። ይህ ሲበራ ካርዱ የሚነበብ ብቻ ይሆናል፤ አዲስ የሚጻፈው ሁሉ በራም ላይ ያርፍና መሣሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲስተሙን ማደስ ሲፈልጉ አማራጩን አጥፍተው፣ መሣሪያውን እንደገና አስነስተው፣ ካደሱ በኋላ መልሰው ያብሩት። የኪዊክስ ፋይል የሚነበብ ብቻ ስለሆነ በዚህ አሠራር አይቸገርም። ፎቶግራፎቹን ግን በዩኤስቢ በሚገናኝ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ላይ ያኑሯቸው፤ ኤስኤስዲም ከድንገተኛ መጥፋት ፈጽሞ የተጠበቀ አይደለምና ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ ይኑርዎት።

ቻርጀሩን ይቀይሩት። ራስቤሪ ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት፣ 3 አምፔር ነው፤ የስልክ ቻርጀር ከቀጭን ኬብል ጋር ሲሆን ብዙ ጊዜ ይህን አያደርስም። ቮልቴጁ ከ4.63 ገደማ ሲወርድ በስክሪኑ ጥግ የመብረቅ ምልክት ይታያል። በፓወር ባንክ ለመደገፍ ካሰቡ ደግሞ አስቀድመው ይፈትኑት፤ ብዙዎቹ ከመብራት ወደ ባትሪ ሲሸጋገሩ ለቅጽበት ስለሚቋረጡ ያው መሣሪያው ይጠፋል።

ዴስክቶፑን አንመክርም። ራስቤሪ ፓይ 4 ሥራ ሳይበዛበት 3 ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ ወሩን ሙሉ ቢበራ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ 50 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ ግን 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባትሪው ያልደከመ አሮጌ ላፕቶፕ ካለዎት እርሱ የተሻለ አማራጭ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥምና።

ራስቤሪ ፓይ 4 በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ስለሌለው፣ ያለ ኢንተርኔት ሲነሳ ቀኑን ይሳሳታል፤ ለፎቶግራፎቹ ቀን የሚጨነቁ ከሆነ ትንሽ የሰዓት ሞጁል ይግጠሙለት። ሁሉን አስተካክለው ሲጨርሱም የካርዱን ሙሉ ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ያስቀምጡ፤ አራተኛው ካርድ ቢበላሽ ቅጂውን በአዲስ ካርድ ላይ ጽፈው በዚያው ቀን ይቀጥላሉ።