የልጄ ሰገራ ላይ «ምንም አልተገኘም»፤ በሽንት ይታይለት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የ8 ዓመት ልጄ ሆዱን ያመዋል፤ አንዳንዴ ሰገራው ላይ ደም አያለሁ። ሁለቴ ተመርምሮ «ምንም አልተገኘም» ተባልን። የትል መድኃኒት የሆነውን አልቤንዳዞልም ወስዷል፣ ለውጥ የለውም። ክረምቱን ሐረርጌ ገጠር አያቱ ጋ ወንዝ ሲዋኝ ነው የከረመው። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «ሜታቦሎሚክስ በሚባል ዘዴ ትል ከሽንት ይታወቃል፣ ናሙና ላኪልኝ» አለኝ። ልላክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምዎ ያለው ነገር መሠረት አለው። ናሙናውን ግን አይላኩ። ዘዴው ገና በምርምር ላይ ነው፤ ለልጅዎ የሚሆነው መፍትሔ ደግሞ እዚሁ አጠገብዎ አለ።

ትል ሰውነት ውስጥ ሲኖር ይበላል፣ ቆሻሻውንም ያስወጣል። የአንጀት ባክቴሪያዎችና የራሳችን ሰውነትም አሠራራቸው ይለወጣል። ከዚህ ሁሉ የሚወጡ ጥቃቅን ኬሚካሎች ደምና ሽንት ውስጥ ይገኛሉ። ሜታቦሎሚክስ እነሱን ባንዴ ለክቶ የታመመውን ከጤነኛው ለመለየት ይሞክራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የአንጀት ቢልሃርዚያ የያዛቸው አይጦች ሽንት ከጤነኞቹ ተለይቶ ታይቷል። በ2013 ደግሞ ቆዳ እያሳከከ ዓይን የሚያጠፋውን ኦንኮሰርኪያሲስን የሚጠቁም ኬሚካል ከሽንት ተገኘ። ሁላችንንም ያጓጓ ዜና ነበር። በኋላ ሲፈተሽ ግን ብቻውን አላስተማመነም። ምግቡም፣ መድኃኒቱም፣ ሌላ በሽታም ሽንትን ይለውጣሉና። ተስፋዬን አልቆረጥኩም፤ ልጅዎ ግን ይህን መጠበቅ የለበትም።

ከጻፉልኝ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ወንዙ ነው፤ የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል ወንዝ ውስጥ ሲዋኙ በቆዳ በኩል ይገባልና። በተለመደው ምርመራ በእንጨት ጫፍ ተወስዶ መስታወት ላይ የሚቀባው ሰገራ 2 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ወስፋት ቢሆን አንዷ ሴት ትል በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ስለምትጥል በቀላሉ ትገኛለች። የአንጀት ቢልሃርዚያ ትል የምትጥለው ግን ቢበዛ 300 ገደማ ነው፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሆዱን የሚያመው፣ ደም የሚያመጣውም ይኸው የቀረው እንቁላል ነው። ስለዚህ በሁለት ምርመራ ብቻ ቢልሃርዚያን «የለም» ብዬ አልዘጋውም። አልቤንዳዞል ደግሞ ቢልሃርዚያን አያድንም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በክብደት ተሰልቶ ስለሚሰጥ ከፋርማሲ ገዝተው በግምት እንዳይሰጡት፣ አደራ።

ጤና ጣቢያ ሲሄዱ መጀመሪያ «ወንዝ ሲዋኝ ከርሟል» ይበሉ። በተለያዩ ቀናት የተወሰደ ሰገራ በካቶ ካትዝ ዘዴ (ከተለመደው በርከት ያለ ሰገራ ተለክቶ እንቁላሉ በሚቆጠርበት) እንዲታይለት ይጠይቁ። ሲሲኤ የሚባል ፈጣን የሽንት ምርመራም አለ። ሜታቦሎሚክስ አይደለም፤ ትሉ ደም ውስጥ የሚለቀውን ንጥረ ነገር ከጥቂት የሽንት ጠብታ በ20 ደቂቃ ያሳያል። በየክሊኒኩ አይገኝም፣ መጠየቁ ግን አይከፋም።

ደም በአሜባም በባክቴሪያም ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ምርመራውን ለሌላ ሳምንት አያሳድሩት። ትኩሳት ከያዘው፣ ፊቱ ከገረጣ ወይም ደሙ ከበዛ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።